ምጣዱን የሚያስሰው ማን ነው?

  

እንደምታስታውሱት በዚህ ዓምዳችን ከወላጆች የሚደርሱንን ጥያቄዎች እያነሣን አቅማችን በፈቀደ መጠን መልስ ስንሰጥ ቆይተናል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁን ስለ ቤት፣ ስለ ኡልፓን፣ ስለ ሥራና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። በቅርቡ ግን ከወትሮው የተለየ ጥያቄ ቀረበልን። ጠያቂዋ እናት ደብዳቤ አልጻፉም፤ ቢሯችን ድረስ በእግራቸው መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡና የመጡበትን ጉዳይ አጫወቱን።

«ልጄ 17 ዓመቱ ነው» አሉን። «የባግሩት ፈተና ደርሶበታል። ሌሊቱን ግን ከኮምፒውተር ፊት አይነሣም። ምን ትሠራለህ ስለው፣ ሌሎች ሰዎች ለጻፉት ፕሮግራም መሣሪያውን አስተካክላለሁ፣ ከላይ የተጻፈውን ስምና የዓመት ቁጥር አድሳለሁ ይለኛል። ስንት ይከፍሉሃል ስለው፣ ምንም ይለኛል። እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ጉልበቴን ግን በነፃ የሰጠሁት ሰው የለም። የልጄን ጉልበት በነፃ የሚወስዱት እነማን ናቸው?»

ለጊዜው የምንመልሰው አጣን። ከመካከላችን አንዱ «የዛሬ ልጆች ጨዋታ ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ቃጥቶት ነበር። እናታችን ግን በዋዛ የሚመለሱ አልሆኑም። ስለዚህ በሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄደን ልጁን አነጋገርነው፤ የሚሠራውንም በዓይናችን አየን። ያየነውና የተማርነው ለብዙ ወላጆች የሚጠቅም መስሎ ስለታየን የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ሊጡና ምጣዱ

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተርም ሆነ በእጃችን የያዝነው ስልክ የሚሠራው በፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ደግሞ በመጀመሪያ ሰው የሚጽፈው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ኮድ ይባላል። ትምህርቱን ያወቀ ሰው ኮዱን ያነበዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን እንዳለ ሊሠራበት አይችልም። ሊጥ እንዳለ እንደማይበላ ማለት ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ወጥቶ እንጀራ እንደሚሆን ሁሉ ኮዱም ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው መልክ መለወጥ አለበት። ይህ ሥራ ግንባታ ይባላል። ግንባታውን በየተራው የሚያካሂዱት ረዳት ፕሮግራሞችና የትእዛዝ ጽሑፎች የግንባታ መሣሪያዎች ናቸው፤ ምጣዱ፣ አክንባሎው፣ ማሰሻው እንደ ማለት።

ብዙ ኩባንያዎች የሚሸጡልን እንጀራውን ብቻ ነው፤ ሊጡን አያሳዩም። ሌሎች ደግሞ ሊጡንም፣ አዘገጃጀቱንም፣ ምጣዱንም ለሁሉም ገልጠው ይሰጣሉ። የፈለገ ይወስዳል፣ ያሻሽላል፣ ለሌላው ያካፍላል። ይህ በዕብራይስጥ ኮድ ፓቱዋሕ፣ በአማርኛ ክፍት ኮድ ይባላል። ጎረቤት ለጎረቤት እርሾ እንደሚሰጣጠው ያለ ነው። ይሁን እንጂ ክፍት ኮድ ያለ ሕግ የተጣለ ዕቃ አይደለም፤ ሕጉን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ እንስጥ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ፣ በመካከላቸውም ቁጥር ሲገባ፣ የትኛው ፊደል የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ሕግ አለ። ይህን ሕግ በተግባር ከሚያውሉት ክፍት ፕሮግራሞች አንዱ ፍሪቢዲ ይባላል። በሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ፍሪቢዲ እያንዳንዱ ፊደል ወደ የት እንደሚጻፍ የሚያውቀው ከሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ግን ሰው ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። በግንባታው ጊዜ አንዲት ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ዩኒኮድ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ አንብባ ታዘጋጀዋለች። የእኛ ፊደል እዚያ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን በጊዜው 345 ምልክቶች ነበሩት። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተጨምሮበታል፤ በ2021 ለምሳሌ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት ገብተዋል። እንግዲህ መዝገቡ በታደሰ ቁጥር አንድ ሰው ያቺን ረዳት ፕሮግራም አስነሥቶ ሠንጠረዡን እንደገና ማውጣት፣ ግንባታውም በትክክል መካሄዱን መፈተን አለበት። ይህ ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ምጣዱን አሰሰ እንጂ። ያልታሰሰ ምጣድ ላይ ግን እንጀራው ይጣበቃል።

የማይታየው ሥራ

ይህን ዓይነት ሥራ ሰዎች የሚንቁት ስለማይታይ ነው። ታሪኩ ግን ረዥም ነው። በ1976 አሜሪካ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ጻፈ። ከሜክ በፊት ፕሮግራመሩ ከብዙ ፋይሎች መካከል የትኛው እንደተለወጠና የትኛው እንደገና መገንባት እንዳለበት በቃሉ መያዝ ነበረበት። ሜክ ይህን ሸክም ተረከበው።

ሜክ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። የትእዛዝ መስመር የሚጀምረው ታብ በተባለው ቁልፍ በሚገኝ ክፍት ቦታ ብቻ ነው። በእሱ ምትክ ተራ ክፍት ቦታ የገባ እንደሆነ በዓይን ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ሥራው ግን ይቆማል። ፌልድማን ችግሩን ቶሎ ቢያውቀውም በጊዜው መሣሪያውን የሚጠቀሙበት 12 ያህል ሰዎች ስለነበሩ ሥራቸውን ላለማበላሸት ሳይለውጠው ቀረ። እነዚያ 12 ሰዎች በኋላ እጅግ ብዙ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፕሮግራመሮች ሁሉ ያችን የማትታይ ክፍት ቦታ ሲፈልጉ ይኖራሉ። ትንሽ ናት ተብላ የታለፈች ነገር የት እንደምትደርስ ከዚህ እንማራለን።

ሌላው የድካም ምክንያት ዓለም መለወጡ ነው። ሊጡ ሳይለወጥ ምጣዱና እሳቱ ይለወጣሉ። ጂ ሲ ሲ የሚባለው ታዋቂ የግንባታ መሣሪያ 14ኛው ዕትም በ2024 ሲወጣ፣ ቀደም ሲል በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋቸው የነበሩትን አንዳንድ ስሕተቶች አላሳልፍም አለ። በመሆኑም ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ሲገነቡ የኖሩ አሮጌ ፕሮግራሞች፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥባቸው፣ አንገነባም አሉ። እነሱን አንድ በአንድ ያቃኑት በየፕሮግራሙ የተመደቡ ጠባቂዎችና እንደ እናታችን ልጅ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ጠባቂ ሲደክም

መሣሪያውን ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ የሥራ መቃናት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመተማመንም ጉዳይ ነው። ይህን ዓለም በግልጽ ያየው በ2024 ነው።

ኤክስ ዜድ የሚባል ፋይልን አጥፎ የሚያሳንስ ክፍት ፕሮግራም አለ። ብዙ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ይህን ፕሮግራም ለረዥም ዓመታት በትርፍ ጊዜው የጠበቀው በዋናነት አንድ ሰው ነበር፤ ሰውየውም መድከሙን በግልጽ ተናግሮ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ወገን ላግዝህ ብሎ ቀረበ። ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን አተረፈ፤ በመጨረሻም አዲስ ዕትም የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው።

በየካቲትና በመጋቢት ወር 2024 በወጡት ሁለት ዕትሞች ውስጥ መርዝ ተገኘ። መርዙ ተደብቆ የነበረው ለፈተና ተብለው በተቀመጡ፣ ሰው ሊያነባቸው በማይችል ፋይሎች ውስጥ ነበር። መርዙን ቀስቅሶ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባው መስመር ግን የተጻፈው በግንባታ መሣሪያው ፋይል ላይ ነው። ያም መስመር ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለሕዝብ በሚታደለው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ሊጡን ያየ ሰው ንጹሕ ነው ይላል፤ ተንኮሉ ግን ማሰሻው ላይ ነበር።

ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። በሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አላስተኛውም። ምክንያቱን ተከታትሎ መጋቢት 29 ቀን 2024 ለሕዝብ አስታወቀ። ይህን ባያደርግ ኖሮ የተንኮሉ ባለቤት በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደ ቤቱ ሊገባ የሚያስችለው ቁልፍ በእጁ ይሆን ነበር። በጊዜው የደረሰው በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ ወደነበሩ ዕትሞች ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ሳይስፋፋ ቀረ።

እናታችን ይህን ታሪክ ልጃቸው ሲተርክላቸው በጸጥታ አዳመጡ። «ታዲያ ያ የደከመው ሰውዬ ረዳት አልነበረውማ» አሉ። እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘንለትም።

ስም ለምን ይጻፋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው የልጁ ሥራ እንምጣ፤ ይኸውም ከላይ ወደሚጻፈው ስምና የዓመት ቁጥር።

በአገራችን በብራና የሚጽፉ ጸሐፍት መጽሐፉን ሲጨርሱ የጸሐፊውንና ያስጻፈውን ሰው ስም በመጨረሻው ላይ ያኖሩ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። አንዳንዱ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ተጽፎበታል። ብራና ግን የተፋቀበትን አይረሳም፤ ዛሬ ምሁራን የፍቅፋቂውን ቦታ አይተው «እዚህ ሌላ ስም ነበር» ይላሉ።

በኮድም እንዲሁ ነው። በየፋይሉ ራስጌ ላይ የቅጂ መብት ማስታወቂያ ይጻፋል፤ መብቱም በዕብራይስጥ ዝኹዮት ዮጽሪም ይባላል። ማስታወቂያው ሥራው የወጣበትን ዓመትና የባለመብቱን ስም ይይዛል። ቀጥሎ ሥራው በምን ፈቃድ እንደተሰጠ ይነገራል። መኪና ለመንዳት ሪሺዮን እንደሚያስፈልግ ሁሉ የሌላን ሰው ኮድ ለመውሰድም ሪሺዮን ያስፈልጋል። የክፍት ኮድ ፈቃድ ለጋስ ነው፤ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ስጥ ይላል። አብዛኞቹ ፈቃዶች ግን አንድ ነገር አጥብቀው ያዝዛሉ፤ የነበረውን ማስታወቂያ አታጥፋ።

ቀደም ብለን ያነሣነውን ፍሪቢዲን እንመልከት። በቆዩት ፋይሎቹ ራስጌ ላይ በ1999 እና በ2000 የጻፈው እስራኤላዊው የዶቭ ግሮብጌልድ ስም አለ። በዚያው ስፍራ ከ2001 ጀምሮ ሥራውን ያስፋፋው፣ ኢራን ውስጥ የተወለደው የበህዳድ እስፋህቦድ ስም አለ። ሁለቱ አገሮች ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ስሞች ግን አንዱ ሌላውን ሳይፍቅ፣ አንዱ ከሌላው በታች ተጽፈው ይኖራሉ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1886 የተጀመረው የበርን ስምምነት ዛሬ በሚሠራበት ሁኔታ መብቱ የሚጸናው ሥራው እንደተፈጠረ ነው፤ ማስታወቂያ የግድ አይደለም። በአሜሪካም ከመጋቢት 1 ቀን 1989 ወዲህ ለሚወጡ ሥራዎች ማስታወቂያው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ታዲያ ለምን ይደከማል ትሉ ይሆናል። በእስራኤል ላለነው አንድ ልዩ ምክንያት አለ። በ2007 የወጣው የአገሪቱ የዝኹዮት ዮጽሪም ሕግ መጽሐፍ ለጻፈ፣ ዜማ ለደረሰ፣ ሥዕል ለሣለ ሰው በስሙ የመጠራት መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት የሞራል መብት ይባላል። ሕጉ ግን የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከዚህ መብት ለይቶ አውጥቶታል። ስለዚህ የፕሮግራም ጸሐፊ ስም የሚጠበቀው በዚያች ራስጌ ላይ በተጻፈችው ማስታወቂያና በፈቃዱ ቃል ነው። እሷ ከተፋቀች የሚተካት ነገር ጥቂት ነው።

ይህ ተራ ወግ እንዳልሆነ ያሳየ ክስ አለ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ጃኮብሰን ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የመጫወቻ ባቡሮችን በኮምፒውተር የሚነዳ ክፍት ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ማቲው ካትዘር የተባለ ሰውና ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሸጠው ኩባንያው ከዚያ ውስጥ ፋይሎች ወሰዱ። በወሰዱት ላይ ግን የጸሐፊዎቹ ስም፣ የቅጂ መብት ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ አልነበሩም። በ2007 የሥር ፍርድ ቤቱ ነገሩን እንደ ተራ ውል ማፍረስ ቆጥሮ ድርጊቱን የሚያስቆም ትእዛዝ ሳይሰጥ ቀረ። ነሐሴ 2008 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የስምና የማስታወቂያ ግዴታው የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ፣ ያን ያላከበረም የቅጂ መብትን ሊጥስ እንደሚችል ወሰነ። ጉዳዩ በ2010 ካትዘር 100,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በዕርቅ ተዘጋ። በነፃ የተሰጠ ሥራም ባለቤት እንዳለው ከዚህ ታወቀ።

የተመለሰ ሥራ

የእናታችን ልጅ የሚረዳው ፕሮግራም ትንሽ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ልጁ የፕሮግራሙን አሮጌ የግንባታ መሣሪያ አውጥቶ በአዲስ ሲተካ ሦስት ሌሊት እንደፈጀበት ነገረን። ሥራውን ሲልክ ግን የፕሮግራሙ ጠባቂ አልተቀበለውም፤ በጨዋ ቃል መልሶ ላከበት። ምክንያቱ ምን ነበር? ልጁ አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ራስጌው ላይ የነበሩትን ሦስት የስም መስመሮች ትቷቸዋል። በእነሱ ምትክ የራሱን ስምና የዘንድሮን ዓመት ጽፏል።

ልጁ እኛ በተገኘንበት ምሽት ገና እንደተቆጣ ነበር። «ማንም የማያነበው ሦስት መስመር ነው!» አለ። «ሰዎቹ ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የሚሠራው የእኔ ነው።»

እናቱ ቡና እየቀዱ ነበር። ጀበናውን አስቀመጡና እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ እኛ ጎንደር ወለቃ ሳለን እናቴም አያቴም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ሥራቸውን ጎብኚ ሁሉ ይገዛው ነበር። የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ የፈላሻ ሥራ ነው ተብሎ ይሄድ ነበር። የአያቴን ማሰሮ ዛሬ አንድ ቦታ ተቀምጦ ባየው በእጅዋ አውቀው ይሆናል፤ ስሟ ግን የለበትም። የሰዎቹን ስም መልስ። ያንተንም ከሥር ጻፍ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ያኔውኑ ሦስቱን መስመሮች ከአሮጌው ፋይል አውጥቶ በየቦታቸው ሲያስገባ፣ የራሱንም ስም በአራተኛው መስመር ሲጽፍ ዓይናችን አየ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራው ተቀባይነት እንዳገኘ እናቱ ደውለው ነገሩን።

ለወላጆችና ለልጆች የምንመክረው

ከዚህ ቤተሰብ ጋር ከተነጋገርን በኋላ በሥራው ላይ ያሉ ወጣቶቻችንን ጠይቀን የሚከተሉትን ምክሮች አሰባስበናል።

አንደኛ፦ ማንኛውንም ኮድ ከመውሰድ በፊት ፈቃዱን ማንበብ ይገባል። ፈቃድ ያልተጻፈለት ኮድ በኢንተርኔት ላይ ስለተገኘ ብቻ የሁሉም ነው ማለት አይደለም፤ መብቱ የጸሐፊው ነው።

ሁለተኛ፦ የነበረ ስም አይፋቅም፤ አዲስ ስም ይጨመራል እንጂ። ስምን ራስጌው ላይ መጻፍ የማያስፈልግበት ፕሮግራምም አለ። ማን ምን እንደሠራ በለውጥ መዝገቡ ላይ ስለሚታይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የቤቱን ልማድ መጠየቅ ይበጃል።

ሦስተኛ፦ የዓመት ቁጥርን በተመለከተ የመጀመሪያው ዓመት አይነካም። በየዓመቱ መጀመሪያ ቁጥሩን በሁሉም ፋይሎች ላይ የሚያድሱ ፕሮግራሞች አሉ። ከርል የተባለው ታዋቂ ክፍት ፕሮግራም ግን በስዊድናዊው መሪው በዳንኤል ስቴንበርግ ውሳኔ በጥር 2023 ዓመቶቹን ከማስታወቂያዎቹ አውጥቶ ስሙን ብቻ አስቀርቷል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ዋናው ነገር የቁጥር እድሳት ከሌላ ለውጥ ጋር ተደባልቆ አለመላኩ ነው፤ ብዙ መቶ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲነካ ሌላ ነገር በመካከሉ ሊደበቅ ይችላል።

አራተኛ፦ የግንባታ መሣሪያን የነካ ሰው ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በግልጽ ይጻፍ። ለውጡን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላም ይሞክረው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ሊነበብ የማይችል ፋይል አይቀበል። የኤክስ ዜድ ታሪክ ያስተማረን ይህንን ነው።

አምስተኛ፦ ልጃችሁ ሥራ ሲቀጠር ውሉን አብራችሁ አንብቡ። በዚያው በ2007ቱ ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሠራተኛ ለሥራው ብሎ በሥራ ዘመኑ የፈጠረው ነገር የመጀመሪያ ባለመብቱ አሠሪው ነው። ወታደር በአገልግሎቱ ምክንያት ለፈጠረው ደግሞ ባለመብቱ መንግሥት ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜ የሚሠራውን ክፍት ኮድ ከደመወዝ ሥራው ጋር እንዳያደባልቅ፣ ከተጠራጠረም አስቀድሞ እንዲጠይቅ ምከሩት።

ስድስተኛ፦ ሌሊት ለእንቅልፍ ነው። የሰለቸና የደከመ ጠባቂ ለራሱም ለሌላውም አይበጅም። ልጅዎን ከኮምፒውተሩ ከመከልከል ይልቅ የተወሰነ ሰዓት ቢያስይዙት ይሻላል፤ ባግሩትም አይጠብቅም።

ለእናታችን የምንመልሰው

እናታችን የጠየቁን ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። የልጄን ጉልበት በነፃ የሚወስዱት እነማን ናቸው ብለዋል። እውነቱን መናገር አለብን። ከሚወስዱት መካከል ትርፍ የሚያገኙ ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ በዚህ ሥራ ሳይከፈላቸው የሚደክሙ ብዙ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ጥርጣሬ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ ከሚወስዱት መካከል እኛም አለን። በስልካችን ላይ ዕብራይስጥና አማርኛ ሳይገለባበጡ ጎን ለጎን ስናነብ የማናውቃቸው ሰዎች የሠሩት ሥራ ያገለግለናል።

ልጅዎም በከንቱ አልደከመም። ከእሱ በፊት የሠሩትን ሰዎች ሥራ አንብቦ ተምሯል። በሙያው የቆየ ሰው ሥራውን መርምሮለታል፤ ስሕተቱን በጨዋ ቃል ነግሮታል። ይህን ትምህርት በገንዘብ ልግዛ ቢሉ ርካሽ አይደለም። ነገ ሥራ ሲጠይቅ የሠራው ሁሉ ከነቀኑ ተመዝግቦ ስለሚገኝ በቆሮት ሐይሙ ላይ ሊያሳየው ይችላል። በዘመድ ብዛት ሥራ ለማይገኝልን ለእኛ ዓይነት አዲስ ገቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም በዚያ ፋይል ራስጌ ላይ፣ ከሦስት ሰዎች ስም በታች፣ የእርስዎ ልጅ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ወጣት ፈቃዱን ካከበረ ሊፍቀው አይችልም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን፤ መጻፍ ያልተመቻችሁም እንደ እናታችን ብቅ በሉ፤ ቡና አይጠፋም። እስከሚቀጥለው ዕትማችን በሰላም ሰንብቱ። ለሂትራኦት!